እራት እስኪደርስ ፕራግን በእግር

ፕራግ፣ ፀሐይ የበረታበት ዓርብ ቀን፣ በአሮጌው ከተማ አደባባይ፤ ከድሬዳዋ ከመጣች ሦስተኛ ቀኗን የያዘችው ወይዘሮ አስካለ፣ «ፈተናዋን እስክትጨርስ» ተብሎ ከልጇ ከትርሲት የተደበቀውን የአባቷን መርዶ በሆዷ ይዛለች፤ ፈተናው አሁን ስላለቀ በከተማዋ ያሉት ጥቂት ኢትዮጵያውያን ከሥራ ወጥተው ለማርዳት አቶ ገረመው ቤት እስኪሰበሰቡ ድረስ ልጇን ምንም ሳታስጠረጥር ማቆየት አለባት።

ትርሲት፦ በቃ እማዬ፣ በትራም ወደ ቤት እንመለስ። እግርሽ ከጫማሽ ሞልቶ ሊፈስ ነው።

አስካለ፦ የማን እግር? የኔ? አንቺ ደክሞሽ በኔ ታመካኛለሽ። ገና ምኑን አየሁና!

ትርሲት፦ ድሬ እያለሽ ሱቅ እንኳ በባጃጅ የምትሄጂ ሴትዮ፣ ዛሬ አንድ ከተማ በእግሬ ካላዳረስኩ አልሽ?

አስካለ፦ ድሬንማ አውቃታለሁ፤ ምን ያስኬደኛል። ይሄን ሁሉ ሰማይ አቋርጬ መጥቼ፣ ሰው «ምን አየሽ?» ሲለኝ «የልጄን ሶፋ አየሁ» ልበል?

ትርሲት፦ እሺ። አንቺ ካልሽ እንዞራለን። እኔ ምን ቸገረኝ።

አስካለ፦ ቦርሳሽን ወደ ፊት አዙሪው። ያ ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ከቅድም ጀምሮ ከኋላችን ነው።

ትርሲት፦ ሽማግሌ ቱሪስት'ኮ ነው። ሚስቱን ይዞ።

አስካለ፦ ሌባ ሚስት አያገባም ያለሽ ማነው?

ትርሲት፦ ያንቺስ ፓስፖርት?

አስካለ፦ ከደረቴ ነው። በመርፌ ቁልፍ አያይዤዋለሁ፤ እኔን ሳይገድል አይወስደውም።

ትርሲት፦ በይ አሁን ቀና በይ። ሰዓቱ ሊደውል ነው። ይሄ ሁሉ ሕዝብ የቆመው እሱን ለማየት ነው።

አስካለ፦ ሰዓት ለማየት? ቤታቸው ሰዓት የላቸውም?

ትርሲት፦ ይሄማ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ላይ ያሉት ሁለት መስኮቶች ሲከፈቱ ሐዋርያት ተራ በተራ ያልፋሉ።

አስካለ፦ በስመ አብ! ሐዋርያት? ቆይ፣ ያ ጥጉ ላይ የቆመው ምንድን ነው? አጽም ነው እንዴ?

ትርሲት፦ እሱ ሞት ነው። ገመዱን ሲስብ ደወሉ ይደወላል።

አስካለ፦ እንሂድ።

ትርሲት፦ አሁን ሊጀምር ሲል?

አስካለ፦ እንሂድ አልኩሽ! ሞትን አደባባይ ላይ አቁመው፣ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ ሰቅለው ያሳያሉ? ምን ዓይነት ጉድ ነው?

ትርሲት፦ ይኸው፣ ሳበው። ከጎኑ ያሉትን እያቸው፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ «አንሄድም፣ አንሄድም» ይሉታል።

አስካለ፦ ይበሉታ! ማን ሰምቷቸው።

ትርሲት፦ መጨረሻ ላይ ዶሮ ይጮኻል። ያኔ ያልቃል።

አስካለ፦ ዶሮ ሲጮኽማ ነው የሚጀመረው።

ትርሲት፦ ምኑ?

አስካለ፦ ቀኑ! ቀኑ ነዋ፣ ሌላ ምን ይጀመራል። ነይ በዚች ቀጭን መንገድ፣ እዚያ ጥላ አለ።

ትርሲት፦ ቀስ በይ፤ ኮብልስቶኑ ያንሸራትታል።

አስካለ፦ አውቃለሁ። እዚህ ወድቄ ዳሌዬ ቢሰበር በማላውቀው ቋንቋ ነው የምጮኸው።

ትርሲት፦ ጩኸት በሁሉም ቋንቋ አንድ ነው እማዬ።

አስካለ፦ አንቺ ደግሞ... እመቤቴ፣ እስከ ምሽት አድርሺኝ።

ትርሲት፦ ምን አልሽ?

አስካለ፦ ጥላው ደስ ይላል አልኩ። ይሄ ቤት እንዴት ያምራል። ያኛውስ? ከዚያ ቀጥሎ... ውይ! ደግሞ እዚሁ! ያ አጽም አይደለም?

ትርሲት፦ መንገዶቹ ይጠማዘዛሉ። በየትኛውም ብትገቢ ተመልሰሽ አደባባዩ ላይ ትወጫለሽ።

አስካለ፦ ወጥመድ በይኛ! ሰው በገዛ እግሩ ዞሮ ዞሮ እሱ እጅ ላይ እንዲወድቅ? ከዚህ አውጪኝ ልጄ። መውጫ የለውም እንዴ ይሄ ከተማ?

ትርሲት፦ አለው፤ በወንዙ በኩል። ስልክሽ እየጮኸ ነው።

አስካለ፦ ሄሎ? አቤት አቶ ገረመው... አዎ፣ አብረን ነን። ደህና ናት... ገና ከሥራ አልወጡም? እሺ፤ እሺ፤ እኛም ገና ነን፣ አይጨነቁ።

ትርሲት፦ እነማን ናቸው ከሥራ ያልወጡት?

አስካለ፦ ሌሎች እንግዶች አሉ ብለውኛል። ማታ እራት ጠርተውን የለ?

ትርሲት፦ በመጣሽ በሦስተኛ ቀንሽ ስልክ የሚደውልልሽ ወንድ አገኘሽ! እኔ ሁለት ዓመት ኖሬ አንድ አላገኘሁም።

አስካለ፦ አፍሽን ሰብስቢ! ትልቅ ሰው ናቸው።

ትርሲት፦ ሌባ ሚስት በሚያገባበት አገር ትልቅ ሰው ቢደውል ምን ይገርማል? የሚገርመኝስ እራቱ ነው። ከደርግ ዘመን ጀምሮ እዚህ የኖሩ ሰው፣ ለፋሲካ እንኳ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠርተውኝ አያውቁም።

አስካለ፦ የኔን መምጣት ሰምተው ነው። እናት ስትመጣ የተዘጋ ቤት ይከፈታል።

ትርሲት፦ ይከፈታል። በይ ድልድዩ ይኸው። የቻርልስ ድልድይ የሚሉት ነው።

አስካለ፦ በመሐል ሂጂ! ከጠርዙ ራቂ!

ትርሲት፦ ድንጋይ ነው'ኮ። ስንት መቶ ዓመት ጎርፍ መጥቶ ሄዶበታል።

አስካለ፦ የድሬን ወንዝ ደቻቱንም «ደረቅ አሸዋ ነው» እያልን ልብስ እናሰጣበት ነበር። መጥቶ የሠራንን አይተናል። እባብ ያየ በልጥ በረየ። መሐሉን ያዢ!

ትርሲት፦ እሺ፣ እዚህ ቁሚ ፎቶ ላንሳሽ። ያ ሻሽ ይውለቅልሽ፤ ላብ በላብ ሆነሻል።

አስካለ፦ ፀሐዩ ራሴን ይመታኛል።

ትርሲት፦ ድሬዳዋ ያልመታሽ የፕራግ ፀሐይ ይመታሻል?

አስካለ፦ የአገሬን ፀሐይ ጸባዩን አውቀዋለሁ። የሰው አገር ፀሐይ ምን እንዳሰበ አይታወቅም። ደግሞ ያን ስልክ ምን ትነካኪዋለሽ? ፌስቡክ ነው?

ትርሲት፦ ፎቶ ነው ያልኩሽ።

አስካለ፦ አንስተሽ ለማን ልትልኪው?

ትርሲት፦ ለማንም። ለራሴ ነው። ሳቂ እንጂ፣ ጉምሩክ ላይ የምትፈተሺ መሰልሽ።

አስካለ፦ ስቄያለሁ። ስስቅ እንዲህ ነኝ። ይልቅ እነዚህ ድንጋይ ሰዎች እነማን ናቸው?

ትርሲት፦ ቅዱሳን ናቸው። ይሄ፣ ሰው የተሰበሰበበት፣ ኔፖሙክ የሚባል ቄስ ነው። ንግሥቲቱ ለሱ ትናዘዝ ነበር አሉ። ንጉሡ «ምን አለችህ?» ቢለው «አልናገርም» አለ፤ ከዚህ ከድልድዩ አስወረወረው ይባላል።

አስካለ፦ ምስጢሩንስ?

ትርሲት፦ ይዞት ሰጠመ።

አስካለ፦ ጎበዝ ቄስ! የንስሐ አባት እንዲህ ነው።

ትርሲት፦ ንኪው። ሰው ሁሉ እየነካው ነው ነሐሱ እንዲህ ያበራው። የነካው ተመልሶ ይመጣል ይላሉ።

አስካለ፦ እኔስ ጉልበቱን ቢያጋራኝ ይሻለኛል።

ትርሲት፦ እኔ ግን እዚህ በቆምኩ ቁጥር የማስበው ንግሥቲቱን ነው። በሷ ነገር ሰው ሲሰጥም፣ አንድ ሰው እንኳ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ አልጠየቃትም።

አስካለ፦ ዝም አይነቅዝም ልጄ።

ትርሲት፦ ይነቅዛል እማዬ። የእማማ ጥሩዬ ነገር ነቅዟል።

አስካለ፦ ደግሞ እናቴን ከየት አመጣሻት?

ትርሲት፦ አያቴ ናታ። ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። ስደውል «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ ተኝታለች፣ ጎረቤት ቡና ጠርተዋት ነው» ስትሉኝ ከረማችሁ። ክረምት መጣሁ፤ ነጠላ ገዝቼላት፣ ከበሩ ጀምሬ «እማማ ጥሩዬ!» እያልኩ እየሮጥኩ ገባሁ። መደቧ ላይ የጤፍ ጆንያ ተቀምጦ ነበር።

አስካለ፦ ለፈተናሽ ብለን ነው...

ትርሲት፦ ያን ቀን ምን እንዳልኳችሁ ታስታውሻለሽ?

አስካለ፦ ረስቼዋለሁ።

ትርሲት፦ አልረሳሽውም።

አስካለ፦ ልጅ ነበርሽ። ልጅ ሲናደድ የማይለው የለም።

ትርሲት፦ «ሁለተኛ ከደበቃችሁኝ እናቴም አባቴም አይደላችሁም» ነው ያልኩት።

አስካለ፦ ትርሲት፣ ከድልድዩ እንውረድ። ራሴን አዞረኝ። ያ ኮረብታው ላይ ያለው ቤተ መንግሥት ነው? እሱን አሳይኝ።

ትርሲት፦ ዳገት ነው።

አስካለ፦ ዳገት ይሻለኛል። ዳገት ላይ ሰው አያወራም።

ትርሲት፦ ክንዴን ያዢ በይ። እዚያ ጋ የሚሸተው ጣፋጭ ዳቦ ነው፤ እንጨት ላይ ጠቅልለው ይጠብሱታል። ጠዋት የቀመስሽው የለም።

አስካለ፦ ዓርብ ነው፤ ቅቤ ያለበትን በምን አውቃለሁ። ደግሞ አይወርድልኝም። አንቺ ብዪ።

ትርሲት፦ ለኔም አይወርድልኝም።

አስካለ፦ ምን ሆነሽ? አመመሽ እንዴ? ግንባርሽን እስቲ...

ትርሲት፦ ሙቀቱ ነው። ምንም አልሆንኩም። ትንፋሽሽን ሰብሰብ አድርጊ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደርሰናል።

አስካለ፦ ይሄ ሁሉ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው? ጫፉን ለማየት አንገት ይሰበራል። ቆይ፣ ጫማዬን ላውልቅ።

ትርሲት፦ እማዬ፣ እዚህ አያወልቁም!

አስካለ፦ የእግዚአብሔር ቤት አይደለም?

ትርሲት፦ ነው፤ ግን... ጥበቃው እያየን ነው።

አስካለ፦ ይየን። እሱም ቢያውልቅ ነበር ደጉ። ጫማ አድርጎ መቅደስ ደጃፍ ተገትሮ፣ እኔን ያፍጥጥብኝ?

ትርሲት፦ አትሳሚው! መድረኩን አትሳሚው፣ ስንት ሺህ ሰው የረገጠው ነው!

አስካለ፦ ስንት ሺህ ሰው የረገጠው አይደል የሚሳመው? አንቺም ሳሚ። የሚያስፈልግሽ ቀን አለ።

ትርሲት፦ ይኸው ሳምኩ። አሁን ጥግ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትንሽ ተቀመጪ። ጫማሽን አድርጊ።

አስካለ፦ እምቢ አለ።

ትርሲት፦ ምኑ?

አስካለ፦ ጫማው። እግሬ አልገባ አለው። አልነገርኩሽም? ይሄ እንደሚመጣ አውቄ ነበር! ሰው ባገሩ ይታመማል፤ እኔ ሰው አገር፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ በባዶ እግሬ ቀረሁ። መውጣትም መውረድም የለም። በቃ፣ ታሰርኩ።

ትርሲት፦ አምጪ ላሽልሽ። እማዬ፣ ይሄ ምን ያህል አብጧል? ለምን አትነግሪኝም?

አስካለ፦ ምኑን ልንገርሽ?

ትርሲት፦ እግርሽን ነዋ።

አስካለ፦ አዎ። እግሬን። ስልኩ... ሄሎ፣ አቶ ገረመው? አዎ... ሁሉም? መምሬም? እሺ... እሺ። መጣን።

ትርሲት፦ እራት ደረሰ?

አስካለ፦ ደረሰ። በይ ተነሺ፣ ትራሙን ጥሪው።

ትርሲት፦ ትራም አይጠራም፤ ይሄዱበታል። ምን አስቸኮለሽ? ገና ፔትርሺን አለ።

አስካለ፦ ምንድን ነው እሱ?

ትርሲት፦ ያ ማዶ ያለው ዛፍ የለበሰው ኮረብታ። ከተማው በሙሉ ከዚያ ይታያል። እሱን ያላየ ፕራግን አየሁ አይልም።

አስካለ፦ ነገ እናየዋለን።

ትርሲት፦ ነገ ቤት ሰው ይሞላል።

አስካለ፦ የምን ሰው?

ትርሲት፦ እንደው... ሰው።

አስካለ፦ ትርሲት።

ትርሲት፦ ወዬ።

አስካለ፦ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስለ አባትሽ አልጠየቅሽኝም።

ትርሲት፦ ጉሮሮውን አሞት መናገር አይችልም ብላችሁኝ የለ? የማይናገር ሰው ምኑ ይጠየቃል።

አስካለ፦ በስልኩ ስትቀልጂብኝ እንኳ «ለአባዬ እነግርብሻለሁ» አላልሽም። ፎቶውን «ለራሴ ነው» አልሽ። ሌላ ጊዜ ገና ሳልስቅ ትልኪለት ነበር።

ትርሲት፦ ካርቶኑን ማነው ያሰረው?

አስካለ፦ የቱን ካርቶን?

ትርሲት፦ በርበሬውና ቆሎው ያለበትን። ይዘሽልኝ የመጣሽውን።

አስካለ፦ አባትሽ ነዋ። ማን ያስርልሻል ሌላ።

ትርሲት፦ የአባዬ ቋጠሮ ከድሬ ጅቡቲ በባቡር ተንገጫግጮ የማይላላ ቋጠሮ ነው። ዕድሜ ልኩን ጭነት ያሰረበት። በላከልኝ ቁጥር ጥርሴም ጥፍሬም አቅቶኝ፣ በቢላ ቆርጬው ነው የምከፍተው። ያንቺን ኤርፖርት ላይ አንድ ጊዜ ባነሳው ሲባጎው እጄ ላይ ቀረ።

አስካለ፦ ደጋግሜ ሞክሬ ነበር። እሱ እንደሚያደርገው ሁለቴ ጠምዝዤ፣ በውስጥ አሳልፌ፣ በጉልበቴ ተጭኜ... ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንዴ እንኳ አስተምረኝ አላልኩትም። ምን ያስቸኩለኛል ብዬ።

ትርሲት፦ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

አስካለ፦ እና ሦስት ቀን ሙሉ እያወቅሽ? ስቀሽ፣ አብልተሽኝ፣ አልጋሽን ለቀሽልኝ?

ትርሲት፦ አንቺስ ስንት ቀን ነው?

አስካለ፦ ልጄ፣ እኔ ብቻዬን አልወሰንኩትም። እሱ ራሱ ነው ፈተናዋን ሳትጨርስ አትንገሯት ያለው። አባትሽ...

ትርሲት፦ አትጨርሺው!

አስካለ፦ እሺ።

ትርሲት፦ እንዳትይው እማዬ። እስካሁን ማንም አላለኝም። አቶ ገረመው ቤት ስገባ ሁሉም ከመቀመጫቸው ይነሳሉ፤ ፊታቸውን ሳየው ያበቃል። እስክንገባ ድረስ ግን አባዬ ጉሮሮውን ነው ያመመው። በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሲባጎ እየጠቀለለ ነው።

አስካለ፦ ወይኔ ልጄ። እኔ አንቺን አቆያለሁ ብዬ...

ትርሲት፦ እኔም አንቺን። ትናንት ተኝተሽ ሻሽሽ ተንሸራቶ አየሁት። ያን የመሰለ ጸጉርሽን። አልቅሰሽ ሳይወጣልሽ፣ ተላጭተሽ፣ ባለቀለም ቀሚስ ለብሰሽ ለኔ ስትስቂ... አንድ ቀን እንኳ ሰው ከብቦሽ ደረት ሳያስመታሽ እንድትውዪ ብዬ ነው ያዞርኩሽ። ለሰዓቱ መሰለሽ?

አስካለ፦ እኔ'ኮ «ይቺ ልጅ መንገድ አይሰለቻትም» እያልኩ በሆዴ ስረግምሽ ነው የዋልኩት።

ትርሲት፦ እኔም «እቺ ሴትዮ ዛሬ ምን ነካት» እያልኩ።

አስካለ፦ ሁለት ጅል! አንዳችን ሌላችንን ስናዞር እግራችን አለቀ።

ትርሲት፦ ሳቅሽ! አሁን ፎቶ ነበር የሚያስፈልግሽ።

አስካለ፦ ያን የማልሽውን... እናቴም አባቴም አይደላችሁም ያልሽውን። እሱን እየፈራሁ ነው ከአውሮፕላኑ የወረድኩት። አንዱ እንደሄደ ሌላዋም ከእጄ ልትወጣ ነው ብዬ።

ትርሲት፦ ይሄንን ነገ እንጣላበታለን። በደንብ ነው የምንጣላው፤ አልተውኩልሽም። ዛሬ ግን አቅም የለኝም።

አስካለ፦ እሺ። ነገ እንጣላ።

ትርሲት፦ ስልክሽ።

አስካለ፦ ይጩኽ።

ትርሲት፦ አንሺው፤ ሰዎቹ ይጨነቃሉ። ጫማሽንም ስጪኝ፣ እስከ ትራሙ እኔ እይዘዋለሁ። ያንቺ እግር እንኳን ኮረብታ ደረጃም አያወርድሽም።

አስካለ፦ ሄሎ፣ አቶ ገረመው... አይ፣ ምንም አልሆንንም። አዎ፣ አብራኝ ናት። ወጡን ይክደኑት፣ እኛን አትጠብቁን፤ ልጄ ያላሳየችኝ አንድ ኮረብታ አለ።